ማንም ያላመሰገነው አባት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ አሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እንድናገር ስትጋብዙኝ በጣም ደስ አለኝ። ጉዳዩ ሰፊ ነው። ስለ ነፃነት ማውራት ይቻላል፤ ስለ ብቸኝነትም፣ ስለ ዘርም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሥራ ላወራችሁ ነው። የአሜሪካ ግጥም ልቤን የገዛው ሠርቶ አዳሪውን ስለሚያይ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ ሆቴል ሲያጸዳ፣ ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያላደረ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? እነዚህ ግጥሞች የኛም ናቸው።

ዋልት ዊትማንን ላስቀድም። ማተሚያ ቤት ሲሠራ ያደገ የብሩክሊን ልጅ ነው። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1855 በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። በ1860 ባወጣው አንድ አጭር ግጥም ደግሞ አሜሪካ ስትዘፍን እሰማለሁ ይላል። ዘፋኞቹ እነማን ናቸው? አናጺው፣ ግንበኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ እንጨት ቆራጩ፣ ልብስ የምታጥበው ልጅ። ሁሉም የየራሱን ይዘፍናል። ባለሥልጣን አንድም የለበትም። ግጥም ነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ሲያወድስ ለኖረበት ዓለም ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። በዚያው ዓመት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህች አገር በባርነት ይሠሩ ነበር። ጥጥ የሚለቅሙት፣ ሸንኮራ የሚቆርጡት እነሱ ነበሩ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ግን የሉም። ዊትማን አላያቸውም ማለቴ አይደለም። በ1855ቱ መጽሐፍ አንድ ያመለጠ ባሪያ ደጁ ይደርሳል። ቤት ያስገባዋል። ለላበው ገላውና ለቆሰለው እግሩ መታጠቢያ ውሃ ያቀርብለታል። ልብስ ይሰጠዋል። ማዕድ ላይም አጠገቡ ያስቀምጠዋል። እኛ የእንግዳ እግር ሲታጠብ እያየን ያደግን ሰዎች ይህ ክብር ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋንም።

ማዕዱን ያዙልኝ። ከ70 ዓመት በኋላ ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ የሚነግረን ስለዚሁ ማዕድ ነው። እኔም አሜሪካን እዘምራለሁ ብሎ ይነሳል። ጠቆር ያለው ወንድም እኔ ነኝ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት ሄደህ ብላ ይሉታል። እሱ ይስቃል፤ ጥሩ አድርጎ ይበላል፤ ይጠነክራል። ነገ ማዕዱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ያኔ ተነስ ብሎ የሚደፍረኝ የለም ይላል። ውበቴን አይተው ያፍራሉም ይላል። በግጥሙ ውስጥ ልመና የሚባል ነገር የለም። እኔን የሚያኮራኝ ይህ ነው።

ሂውዝ ወጥ ቤትን በደንብ ያውቀዋል። መርከብ ላይ ሠርቷል፤ ፓሪስ ሳህን አጥቧል። በ1925 ደግሞ እዚሁ ከተማችን፣ ዋርድማን ፓርክ ሆቴል፣ ከገበታ ላይ ሳህን ያነሳ ነበር። ዝነኛው ገጣሚ ቬቸል ሊንዚ ሆቴሉ ሲመጣ፣ ሂውዝ ግጥሞቹን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጦለት ዘወር አለ። ሊንዚ የዚያኑ ማታ ለታዳሚው አነበባቸው። በማግስቱ ጋዜጠኞች ሳህን አንሺውን ገጣሚ ፍለጋ መጡ።

ከሁሉም በላይ የማልጠግበው ግን የሮበርት ሄይደን ግጥም ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ኮሌጅ ስማር ነው። 14 መስመር ብቻ ናት። አባትየው እሑድም ሳይቀር በውድቅት ይነሳል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እጁ በሳምንቱ ሥራ ተሰነጣጥቋል፤ ይጠዘጥዘዋል። በዚያ እጁ እሳቱን ያቀጣጥላል። ማንም አላመሰገነውም። ቤቱ ሲሞቅ ልጁን ይጠራዋል። ልጁ የቤቱን ቁጣ እየፈራ ቀስ ብሎ ይነሳል። አባቱንም እንደነገሩ ያናግረዋል። ብርዱን ያባረረለት፣ የክት ጫማውን ጭምር የወለወለለት ያው አባት ነው።

ሄይደን ቤቱን ገነት አላስመሰለውም። ቁጣም ፍቅርም በአንድ ጣራ ሥር አሉ። ስንቱ የስደተኛ ቤት እንዲህ ነው! አባት ሁለት ሥራ ሠርቶ ይገባል። የሚያወራበት አቅም የለውም። ዝምታው ለልጆቹ ኩርፊያ ይመስላቸዋል። የኮሌጅ ክፍያው ግን ቀን ሳያሳልፍ ተከፍሏል፤ መኪናው ላይ ያለው በረዶ ተጠርጓል። በግጥሙ መጨረሻ ልጁ አድጎ፣ እኔ ስለ ፍቅር ምን አውቅ ነበር ብሎ ሁለቴ ይጠይቃል። ሁለቴ መጠየቁ ሁልጊዜ ይነካኛል። አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ አባባል ሆኖ ያልፍ ነበር። ሲደጋግመው ግን ጸጸቱ አሁንም እንዳለ እንሰማለን።

ሄይደን በ1913 ዲትሮይት ተወለደ፤ ያደገው በአሳዳጊዎች እጅ ነው። በ1976 እዚሁ ዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ የግጥም አማካሪነቱን ወንበር የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

አሁን ልጆቻችን ግጥሞቹን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያነቡልናል። በቅድሚያ የሚነበበው የሄይደን ነው። የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እንድትሰሙት ብለን ነው። አመሰግናለሁ።