እልቂትን በስሙ የሚጠራው ማን ነው? መቼስ?

[ምስል፦ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ። ጽሑፍ፦ ኦክቶበር 2000]

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፅ ለመስጠት ተሰናድቷል። ሐሳቡ የኦቶማን መንግሥት (የዛሬዋ ቱርክ ቀዳሚ) ከ1915 ጀምሮ በአርመኖች ላይ የፈጸመው ዘር ማጥፋት ነው ይላል። (በቪዲዮው ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጨረሻው ሰዓት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለአፈ ጉባኤው ደብዳቤ ላኩ፤ የአገራችንን ጥቅም ይጎዳልና ይቅር አሉ። ቀረ።

ኦክቶበር 2019 ላይ ያው ምክር ቤት ያንኑ ጉዳይ አንሥቶ በ405 ድጋፍና በ11 ተቃውሞ አሳለፈው። በመካከሉ የታሪክ ሊቃውንትን አሳብ ያስቀየረ አዲስ መዝገብ አልተገኘም። የተለወጠው የዋሽንግተንና የአንካራ ወዳጅነት ነው። ድምፁ የተሰጠው ቱርክ በሰሜን ሶሪያ በኩርዶች ላይ ከዘመተች ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነበር።

ለዚህ ነው አንድ መንግሥት ለጥንት እልቂት ዕውቅና ሰጠ ሲባል እኔ መጀመሪያ ቀኑን የማየው። ቀኑ ስለ ሟቾቹ ብዙ አይነግረንም። ስለ ዕውቅና ሰጪው ግን ሁሉን ይናገራል።

[ምስል፦ ካርታ፤ ከአናቶሊያ (ዛሬ ቱርክ) ወደ ሶሪያዋ ዴር ኤዝ-ዞር የሚወርዱ ቀስቶች]

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኤፕሪል 24 ቀን 1915 በቁስጥንጥንያ የአርመን ምሁራንና የማኅበረሰብ መሪዎች ታፈሱ። ቀጥሎ ሕዝቡ ከየቀዬው ተነቅሎ ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዳ። አብዛኛው በመንገድ ላይ በጥይት፣ በረሃብና በበሽታ አለቀ። የሟቾች ግምት ከ600 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፦ ከጦርነቱ በኋላ የኦቶማን የራሱ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1919 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውን ታላት ፓሻን በሌለበት ሞት ፈርዶበታል። ማለት፣ ክህደቱ ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም። ኋላ የጸና የመንግሥት ፖሊሲ ነው።

ክህደት ሲባል «ማንም አልሞተም» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ተሳስታችኋል። ቱርክ ሰው አልሞተም አትልም፤ በ2014 ኤርዶዋን፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ለአርመኖቹ የልጅ ልጆች የሐዘን መግለጫ ሰጥተዋል። ክርክሩ ሌላ ነው፦ ጦርነት ነበር፣ በሽታ ነበር፣ አርመኖችም አምፀው ነበር፣ ዘሩን ለማጥፋት የታሰበ ነገር ግን የለም።

«የታሰበ» የምትለዋን ልብ በሉ። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 ያወጣው ስምምነት (ቀድማ ያጸደቀችው አገር፣ በ1949፣ ኢትዮጵያ ናት) ወንጀሉን የሚለካው በሬሳ ብዛት አይደለም። አንድን ብሔራዊ፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ማሰብን ይጠይቃል። ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ አይገኝም፤ ከድርጊት ይነበባል እንጂ። ካጂ ሁሉ ድንኳኑን የሚተክለው እዚህ በር ላይ ነው።

ታዲያ ሐሳቡ በጽሑፍ ቢገኝስ?

[ምስል፦ ናሚቢያ፤ የኦማሄኬ በረሃ]

ተገኝቷል። ኦክቶበር 2 ቀን 1904 የጀርመኑ ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ፣ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው ቅኝ ግዛት፣ በጀርመን ድንበር ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ ያዘም አልያዘም፣ ይተኮስበታል ብሎ አዋጅ አወጣ። በፊርማው። ሄሬሮዎች ወደ በረሃው ተገፉ፤ ከዚያ የተረፉትና የናማ ሕዝብ በእስር ካምፖች ታጎሩ። ከሄሬሮ ሕዝብ 80 በመቶ ያህሉ፣ ከናማም ግማሽ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል።

ይህ ሁሉ በእጇ እያለ ጀርመን ጉዳዩን በይፋ ዘር ማጥፋት ያለችው ሜይ 2021 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ የጀርመን ፓርላማ የአርመኖቹን እልቂት ዘር ማጥፋት ብሎ ነበር። ኤርዶዋን ወዲያው ናሚቢያን አነሡባቸው። ክርክሩ ለቱርክ ነጻ ማውጫ አይሆንም፤ የሌላው ኃጢአት የራስን አያነጻም። ግን መልስ የሚያሳጣ ነበር።

የ2021ዱም አነጋገር የተጠና ነው፦ ድርጊቱ «ከዛሬ አንጻር ሲታይ» ዘር ማጥፋት ነው። ሕጉ በ1948 ስለወጣ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ወደ ኋላ ካልሠራ ካሣ በሕግ አይጠየቅም። ቃል የተገባው 1.1 ቢሊዮን ዩሮም በ30 ዓመት የሚከፈል የልማት ድጋፍ ተባለ እንጂ ካሣ አልተባለም። ብዙ የሄሬሮና የናማ መሪዎች፣ ያለ እኛ ስለ እኛ ተደራደራችሁ ብለው አንቀበልም አሉ። እኔ እነሱ ልክ ናቸው እላለሁ። በዳዩ ይቅርታውንም፣ የይቅርታውንም ዋጋ ራሱ ከቆረጠ፣ ተበዳዩ የተጋበዘው ለጭብጨባ ነው።

[ምስል፦ ጽሑፍ ብቻ፤ 1994 | 2004]

አንዳንዴ ደግሞ ፍርሃቱ ከድሮ ሳይሆን ከዛሬ ነው። በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ ቱትሲዎች ሲታረዱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ተፈጽመዋል ይሉ ነበር፤ «ዘር ማጥፋት» ለማለት ግን አንደበታቸው አልፈታ አለ። አንድ ጋዜጠኛ፣ ስንት ድርጊት ሲደመር ነው ዘር ማጥፋት የሚሆነው? ብሎ ጠየቀ። ኋላ ይፋ በሆነ የመከላከያ ሚኒስቴር የውይይት ሰነድ ውስጥ ምክንያቱ ተጽፎ ተገኘ፦ ስሙን ከጠራነው አንድ ነገር ማድረግ ግድ ሊሆንብን ይችላል።

ግድ ይሆናል? አሥር ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል መለሱት። ሴፕቴምበር 2004 ላይ በሱዳኗ ዳርፉር ውስጥ ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል አሉ፤ ቀጥለውም ይህ ድምዳሜ አዲስ እርምጃ እንድንወስድ አያስገድደንም አሉ። ዳርፉርም መቃጠሏን ቀጠለች።

መካድን በሕግ ስለ መከልከል ባጭሩ። ጀርመን ውስጥ የአይሁዶችን እልቂት መካድ ያስቀጣል። ፈረንሳይ ክልከላውን ወደ አርመኖቹ ለማስፋት ያወጣችውን ሕግ ግን በ2012 የራሷ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሻረው። ቱርካዊ-አርመናዊው ጋዜጠኛ ህራንት ዲንክ እንዲህ ያለውን ሕግ አስቀድሞ ተቃውሞ ነበር። በአገሩ ስለ እልቂቱ በመናገሩና በመጻፉ የተከሰሰ ሰው ነው፤ ፈረንሳይ መካድን ብትከለክል እዚያ ሄጄ እክዳለሁ እስከ ማለት ደርሷል። ጃንዋሪ 2007 ኢስታንቡል ውስጥ በጋዜጣው ቢሮ ደጃፍ ላይ ተገደለ።

[ምስል፦ የፖቶቻሪ መካነ መቃብር፣ ስሬብሬኒጻ]

ፍርድ ቤት ከበየነ ክርክሩ ያበቃል ለምትሉ የመጨረሻው ምሳሌ ይኸው። ጁላይ 1995 በቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻ ከ8 ሺህ በላይ ቦስኒያውያን ሙስሊም ወንዶችና ልጆች በቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች ተገደሉ። የዩጎዝላቪያ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት ዘር ማጥፋት ነው አለ። በ2007 የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም ያንኑ አለ። በ2015 የጸጥታው ምክር ቤት ይህንኑ ሊያጸና ሲል ሩሲያ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ አገደችው። ሜይ 2024 ጠቅላላ ጉባኤው ጁላይ 11 የመታሰቢያ ቀን ይሁን የሚል ውሳኔ ቀረበለት። ጽሑፉ ሰርቢያን በስም አይጠራም፤ ተጠያቂነቱም የግለሰቦች እንጂ የሕዝብ እንዳልሆነ ተጨምሮበታል። 84 አገሮች ደገፉት፣ 19 ተቃወሙት፣ 68 ድምፅ አንሰጥም አሉ።