የሃርሞኒክ ሜጀር ኮርዶች በዩኩሌሌ፦ ሁሉም ነገር የጂ ክር ላይ ነው

[ምስል፦ የግራ እጅ ብቻ፣ ከቅርብ]

ሲ ሜጀርን ያዙልኝ። ያቺው 0-0-0-3፣ ባለ አንድ ጣቷ። ቁጥሮቹ እንደተለመደው በጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ክሮች ቅደም ተከተል ናቸው፤ እያንዳንዱ ክሩ የሚጫንበትን ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለውን ቦታ) ያሳያል፣ 0 ማለት ክሩ ሳይጫን ይመታል ማለት ነው። ብዙ ሰው በቀለበት ጣት ነው የሚይዛት፤ ዛሬ ግን በትንሿ ጣት ያዟት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

አንዴ ምቱ። ቀጥሎ ሌባ ጣታችሁን የጂ ክር አንደኛ ፍሬት ላይ አሳርፉና እንደገና ምቱ። 1-0-0-3።

[ድምፅ፦ ሁለቱ ኮርዶች ተከታትለው ይሰማሉ]

ሰማችሁት? ሲ ሜጀር ተረጋግቶ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቦታ መሄድ የፈለገ ይመስላል። የጨመርናት ኖታ ኤ ፍላት ናት። ሃርሞኒክ ሜጀር የሚባለው ስኬል (የኖታዎች ቅደም ተከተል) ከተራው ሜጀር የሚለየው በእሷ ብቻ ነው።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ሲ – ዲ – ኢ – ኤፍ – ጂ – ኤ ፍላት – ቢ]

ስድስተኛዋን ኖታ በግማሽ ቶን፣ ማለትም በአንድ ፍሬት፣ ዝቅ አደረግናት፣ አለቀ። ሦስተኛዋ፣ ኢ፣ ስላልተነካች ስኬሉ አሁንም ሜጀር ነው። እሷም በግማሽ ቶን ብትወርድ ሃርሞኒክ ማይነር ይሆን ነበር። ጆሮ ላይ ጎልቶ የሚሰማው በኤ ፍላትና በቢ መሃል የተፈጠረው ክፍተት ነው፤ ሦስት ፍሬት ሙሉ። በጣታችሁ ሞክሩት፦ የሲ ክር ላይ 0፣ 2፣ 4፤ የኢ ክር ላይ 1፣ 3፣ 4፤ የኤ ክር ላይ 2፣ 3።

ከእነዚህ ኖታዎች አንድ እየዘለልን ሦስት ሦስቱን ስንደራርብ ሰባት ኮርድ ይወጣል፦ ሲ ሜጀር፣ ዲ ዲሚኒሽድ፣ ኢ ማይነር፣ ኤፍ ማይነር፣ ጂ ሜጀር፣ ኤ ፍላት ኦግሜንትድ፣ ቢ ዲሚኒሽድ። ዝርዝሩን ለመሸምደድ አትጨነቁ። አራቱ ውስጥ ኤ ፍላት የለችም፤ ከተራው ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። የስኬሉ ጣዕም ያለው በዲ፣ በኤፍና በኤ ፍላት ኮርዶች ነው። ዩኩሌሌ ላይ ደግሞ ሦስቱም እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው።

[ምስል፦ እጁ እንደገና፤ እያንዳንዱ ኮርድ ሲያዝ ቁጥሩ በስክሪን ይታያል]

1-0-0-3 ላይ ነን። ይሄ ኤ ፍላት ኦግሜንትድ ነው። ሲ ኦግሜንትድ ብትሉትም ያስኬዳል፤ ድምፁ ያው ነው። መሃል ጣት የኢ ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ይጨመር፦ 1-0-1-3፣ ኤፍ ማይነር። የቀለበት ጣት የሲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ፦ 1-2-1-3። ይሄኛው ዲ ሃፍ ዲሚኒሽድ ነው፣ ማለትም ዲ ዲሚኒሽድ ሲ ተጨምሮበት። አራቱም ጣቶች ሥራ ያዙ። ትንሿ ጣት ያስፈለገችው ለዚህ ነው።

አሁን እሷን ብቻ በአንድ ፍሬት ወደ ኋላ ሳቧት፦ 1-2-1-2፣ ቢ ዲሚኒሽድ ሰቨን። ሌባ ጣትን አንሱ፦ 0-2-1-2፣ ጂ ሰቨን። ከዚያ ወደ ሲ ሜጀር።

እስከ ጂ ሰቨን ድረስ በእያንዳንዱ እርምጃ የተለወጠው አንድ ክር ብቻ ነው። እኔ ዩኩሌሌን ከምወድበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው፤ ወረቀት ላይ የሚያስፈራ ስም ያለው ኮርድ እጅ ላይ ሲመጣ የአንድ ጣት ጉዳይ ይሆናል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሌባ ጣት ጋደም ካለ የሲን ክር ያፍናል። በጫፉ ቀጥ ብሎ ይቁም። በተለመደው ቅኝት የጂ ክር ከሲም ከኢም ክሮች ቀጠን ያለ ድምፅ ስላላት ኤ ፍላት የምትሰማው ከታች እንደ ባስ ሳይሆን ከኮርዱ መሃል ነው። ሌላ ክር ከታፈነ ቀለሙ ወዲያው ይበላሻል።

ሜጀር ሰቨን የተጨመረበት ኤፍ ማይነርም አለ፣ 1-4-1-3፤ ጣት ስለሚወጥር ለጊዜው እንለፈው።

ዘፈን ውስጥ የት ይገባል? ከኤፍ ወደ ሲ የሚመለስ ቦታ ፈልጉና መሃሉ ላይ ኤፍ ማይነር አስገቡ። 2-0-1-0፣ 1-0-1-3፣ 0-0-0-3። የጂን ክር ብቻ ተከተሉ፦ 2፣ 1፣ 0። ደስ ብሎት ሲሄድ የነበረው ዜማ ለአፍታ ሆድ ይብሰዋል፣ ከዚያ ይረጋጋል። በአንድ ዘፈን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል፤ ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል።

በሌላ ኪይም፣ ማለትም ስኬሉ ከሌላ ኖታ ሲጀምርም፣ ይሠራል። ኤ ሜጀር ላይ ስድስተኛዋ ኤፍ ሻርፕ ስለሆነች ወደ ኤፍ ትወርዳለች። ዲ ሜጀር 2-2-2-0፣ ዲ ማይነር 2-2-1-0፣ ኤ ሜጀር 2-1-0-0። እዚህ መንገዷ የኢ ክር ላይ ነው። ጂ ሜጀር ላይ ደግሞ ሲ ሜጀር፣ ሲ ማይነር 0-3-3-3፣ ከዚያ ጂ 0-2-3-2። እዚህ ኖታዋ በአንድ ክር አትጨርስም፤ ከኢ ክር ወደ ሲ ክር ትሻገራለች። ቀስ ብላችሁ አንድ አንድ ክር እየነካችሁ ፈልጓት።

[ድምፅ፦ ሦስቱ ኮርዶች ክር በክር]