እናት አባትን ወደ ጆርዳን እንዴት እንጋብዝ?

[ምስል፦ የጆርዳን ዋና ከተማ የአማን ኮረብቶችና ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ጆርዳን ነው። እዚህ ለምንኖርና ቤተሰባችን መጥቶ እንዲያየን ለምንፈልግ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

"አረብ አገር" ሲባል እናቶቻችን ምን እንደሚሰማቸው እናውቃለን። እዚያ የሚኬደው ለሥራ ነው። ልጅ ይሸኛል፣ ይለቀሳል፣ ስልክ ይጠበቃል። ለጉብኝት ይኬዳል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በሰው ቤት ተሠቃይተው፣ ደሞዝ ተከልክለው፣ ፓስፖርታቸው ተነጥቆ የተመለሱ እህቶች አሉን። ስለዚህ ግብዣውን "የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው" ብለን አንጀምር። ውሸት አይደለም፤ የሚሰማንም የለም።

እኔ የማምንበት መንገድ ሌላ ነው። አገሩን ትተን ቦታውን እንጥራላቸው። ወላጆቻችን የጆርዳንን ቦታዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በስም ያውቋቸዋል። ጆርዳን ውስጥ መሆናቸውን ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

[ምስል፦ ዮርዳኖስ ወንዝ፣ የእንጨት መረማመጃ]

አክስቴን "ጆርዳን ነይ" ስላት ዝም አለችኝ። "ጌታ የተጠመቀበት ቦታ እኮ ከቤቴ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው" ስላት ግን ጥያቄዋ አላልቅ አለ። በእግር ነው በመኪና? ውኃው ውስጥ ይገባል? ጸበሉን ይዞ መምጣት ይቻላል?

ቦታው በአረብኛ አል-መግጣስ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽና ወደ ውኃ የሚያወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች አሉበት። ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ያረገበት ነው የሚባለው ጉብታም እዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ወንዙ ትንሽ ነው። ከላይ በኩል ያሉት አገሮች ውኃውን ለእርሻና ለመጠጥ ስለሚጠልፉት እዚህ ሲደርስ ጠብቧል፤ ቡናማና ጭቃማ ነው፤ ዳርና ዳሩ ሸምበቆ ነው። ማዶ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ያለ ዳርቻ ነው። እዚያ ነጭ ለብሰው የሚጠመቁ ሰዎች ሲዘምሩ ወዲህ ድረስ ይሰማል። ወታደርም ይታያል። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ሲደርስ ቅር አይለውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል።

በዚያው ቀን ወደ ናባው ተራራ ውጡ። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር አይቶ ያረፈበት ተራራ ነው። ሰማዩ የጠራ ከሆነ ሙት ባሕርና ኢያሪኮ ይታያሉ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ኢየሩሳሌምም ትታያለች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተነጠፈ ወለል አለ። ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ፤ ሰጎን በገመድ የያዘ ጥቁር ሰው ታገኛላችሁ።

ከናባው ዝቅ ብሎ ማዳባ ከተማ አለ። እዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ፣ በዚያው ዘመን የተሠራ የቅድስት አገር ካርታ አለ። ዮርዳኖስ ወደ ሙት ባሕር የሚገባበትን ቦታ አስተውሉ። አንድ ዓሣ ከጨው ውኃው ሸሽቶ ወደ ላይ ሲመለስ ተሥሏል። ልጆች ካሉ መጀመሪያ እሱን አሳዩአቸው።

[ምስል፦ የከረክ አካባቢ መንገድ፣ የመዛር መስጊድ]

ቤተሰባችሁ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ የምትጠሩት ስም ጃዕፈር ኢብን አቡ ጣሊብ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲልኩ በንጉሡ በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረው እሱ ነው። የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብ ንጉሡ ማልቀሳቸውን በአገራችን ያልሰማ ሙስሊም አለ ማለት ይከብደኛል። ጃዕፈር በኋላ እ.ኤ.አ. በ629 በሙታ ጦርነት ወደቀ። ሙታ ያለው ጆርዳን ውስጥ ነው። መቃብሩም ከከረክ ከተማ በስተደቡብ፣ አል-መዛር በሚባል ቦታ ነው። ነጋሽን የተሳለመ አባት ይህን ሰምቶ እምቢ ማለቱ ያጠራጥረኛል።

[ምስል፦ የፔትራ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከዚያ አል-ኸዝነህ]

ከቋጥኝ የተፈለፈለችውን ጥንታዊ ከተማ፣ ፔትራን፣ እስካሁን ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው። ሁሉም ሰው ግብዣውን በፔትራ ይጀምራል። ለወጣት ጥሩ ነው። ለእናት ግን ፔትራ የምታውቀው ስም አይደለም፤ መንገዱም ረጅም ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ በገደል መሐል ትሄዳላችሁ። ከዚያ ገደሉ ድንገት ይከፈትና 40 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሕንፃ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል፤ አል-ኸዝነህ የሚባለው እሱ ነው። ናባጢያውያን የሚባሉ የጥንት የአካባቢው ሰዎች የሠሩት ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የጠረቡትም ከላይ ወደ ታች ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እንዴት እንደተሠራ ወዲያው ይገባዋል።

ጉልበት ለሚያማቸው እስከ ኸዝነህ የሚያደርሱ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። ክፍያው ለብቻ ነው፤ ክፈሉላቸው። ገዳም ወደሚባለው ሌላ ፍልፍል ሕንፃ፣ ወደ አድ-ደይር ግን ደረጃው ከ800 ይበልጣል። እዚያ አታስጨንቋቸው።

ዋዲ ረም በረሃውን ለሚወድ ነው፤ ጀራሽ የሮማውያንን ፍርስራሽ ለሚወድ። ሙት ባሕር ለሁሉም ነው። ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዳሎል እንኳ ሦስት እጥፍ በላይ ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰውም በጀርባው ይንሳፈፋል። ውኃው ዓይን ከገባ ግን ያንገበግባል፤ ንጹሕ ውኃ በጠርሙስ ይዛችሁ ዳር ላይ ቁሙ።

[ምስል፦ የቁርስ ጠረጴዛ፣ ፉል፣ ፈላፍል፣ ሁሙስ]

አሁን ወደሚያሳስባቸው ነገር እንምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም "ጾም ላይ ምን እበላለሁ?" ነው። በዚህ በኩል አታስቡ። ፉል፣ ፈላፍል፣ ሁሙስ፣ በእሳት የተጠበሰ ደበርጃን በጠሒና (በተፈጨ ሰሊጥ)፤ ሁሉም የጾም ነው፣ በየመንደሩም አለ። ፍስክ ከሆነ መንሰፍ አለ። የበግ ሥጋ በደረቀ እርጎ መረቅ ተቀቅሎ፣ ስስ ቂጣና ሩዝ ላይ ተደርጎ በትልቅ ትሪ ይቀርባል። ሰው ከብቦ በቀኝ እጁ ነው የሚበላው። የኛ ሰው እዚህ ላይ እንግድነት አይሰማውም። የአረብ ቡናው ግን ሄል የበዛበት፣ ስኳር የሌለው፣ በትንሽ ሲኒ የሚቀርብ ነው። ሲኒውን ካላነቃነቃችሁ ይደገማል፤ በቃኝ ማለት ስትፈልጉ ነቅነቅ አድርጋችሁ መልሱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጦርነት ነው። ጆርዳን ከሶርያ፣ ከኢራቅ፣ ከእስራኤልና ከፍልስጤም ጋር ትዋሰናለች። በአካባቢው ግጭት ሲነሳ የአየር ክልሏ ለሰዓታት የተዘጋበት ጊዜ አለ። ይህን አትደብቋቸው። የበረራ ቀን መቀየር የሚያስችል ትኬት ግዙ፤ ከመነሳታቸው በፊት በነበሩት ቀናት ዜናውን አብራችሁ ተከታተሉ። ለእናት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኤርፖርት በር ላይ ማን እንደሚቀበላት ማወቅ ነው። የሚቀበላትን ሰው ስምና ስልክ በወረቀት ጻፉላት።

ጊዜውን በተመለከተ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ጥሩ ነው። "አረብ አገር ሙቀት ነው" ብሎ ጃኬት ትቶ በጥር የመጣ ሰው አማን ላይ በረዶ ሊያገኘው ይችላል።

ገንዘቡ ዲናር ነው። 1 ዲናር ከ1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ርካሽ አገር ብላችሁ አትጋብዙ። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ሰው ጆርዳን ፓስ የሚባለውን የጎብኚ ትኬት በኢንተርኔት ቀድሞ ቢገዛ ያዋጣዋል። ቢያንስ 3 ሌሊት ካደረ የቪዛ ክፍያው ይቀርለታል፤ የፔትራ መግቢያም አብሮ የተከፈለ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ቪዛው እጅ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ። የጆርዳንን ኤምባሲ ወይም እዚህ ያለውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጧችሁንም የወረቀት ዝርዝር በሙሉ ለቤተሰብ ላኩ።

ቪዛው እንደወጣ ፕሮግራሙን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ይረፉ። በማግስቱ ወንዙ፣ ናባውና ማዳባ። ከዚያ በከረክ በኩል አድርጋችሁ ወደ ፔትራ ውረዱ፤ መዛርም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ፔትራ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ትልልቅ ሰዎችን ያደክማል።