ጁፒተር ላይ ማን ስቲከር ለጠፈ?

ይበልጣል፦ እንዴት አላችሁ! ዛሬ ሳንዞር ወደ ጉዳያችን ነው። ቴሌስኮፕ ሳይገዙ ሰማይ ማየት እንዴት ይጀመራል? የሥነ ፈለክ ክለባችን ጣና ዳር ሰማዩን ለሕዝብ ካሳየ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

ሄለን፦ ሳንዞር? አክስትህን ሳታነሳ?

ይበልጣል፦ አንቺ አነሳሻት! እሺ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ወረፋዋን ጠብቃ ደረሰች። ጁፒተርን አስተካክዬ «እታለም፣ እስቲ እዪ» አልኳት። አጎንብሳ አየች። ዝም። ቀና አለችና «ስንት ብር አወጣችሁበት?» አለች። «በምኑ?» ስላት፣ «ይቺን ስዕል ለማስለጠፍ» አትለኝም!

ሄለን፦ (ሳቅ) ከዚያ እጃቸውን ሰደዱ።

ይበልጣል፦ ቴሌስኮፑ አፍ ውስጥ! ስቲከሩን ልትልጥ። እጇን ስታስገባ ጁፒተር ይደበዝዛል፣ ስታወጣ ይበራል። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው» አለች።

ሄለን፦ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ አመናቸው እኮ። አንዱማ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ይበልጣል፦ እኔ ደግሞ ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አይቶ ምናምን እላለሁ። ማን ይሰማኛል! በዚያ ላይ የእኛ ቴሌስኮፕ ሞተር የለውም። መሬት ስለምትዞር ጁፒተር ቀስ እያለ ከዕይታ ይወጣል። «አያችሁ፣ ተላጠ!» አለች።

ሄለን፦ በቃ፣ አለቀልህ።

ይበልጣል፦ ቆይ እንጂ! ሻይ ልትጠጣ ሄደች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ስትመለስ ድጋሚ አሳየኋት። አዮ የምትባለው ጨረቃ ጁፒተርን ዞራ ለመጨረስ 42 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፈጅባት። ፈጣን ናት። አክስቴ ብዙ አየች። ከዚያ «ይቺ ነጥብ ቅድም ራቅ ብላ ነበር» አለች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ራሷ ናት የደረሰችበት!

ሄለን፦ እና አመኑ?

ይበልጣል፦ «ስቲከሩን ቀይራችሁታል» አለች።

ሄለን፦ (ረጅም ሳቅ) ወይኔ!

ይበልጣል፦ ለእኔ ግን የምሽቱ ቁንጮ የሰሜን ኮከብ ናት። ከአድማስ ያላት ከፍታ ከቆምሽበት ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለሽ ርቀት፣ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ወደ 11.6 ዲግሪ ናት። ክንድሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን አድማሱ ላይ ብታስቀምጪ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ኮከቧን ከጡጫሽ ትንሽ ከፍ ብላ ታገኛታለሽ። እኛ ደግሞ በጣና ደቡብ ጫፍ ነን። ወደ ሰሜን ስታዪ ፎቅ የለ፣ ምን የለ፤ ሐይቁ ብቻ።

ሄለን፦ አላየኋትም።

ይበልጣል፦ ነበረች!

ሄለን፦ ለአንተ ነበረች። እኔ ከደንገሉ በላይ ጭጋግ ብቻ ነው ያየሁት።

ይበልጣል፦ ዝቅ ያለ ኮከብ ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ይደበዝዛል። እሱስ ልክ ነሽ። ግን ነበረች።

ሄለን፦ በዛዊት ኮረብታ ላይ ብንወጣስ?

ይበልጣል፦ የከተማው መብራት ይረብሸናል።

ሄለን፦ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ከፍታ እኮ ነው! ከዚያ የማይታይ ነገር አለ እንዴ?

ይበልጣል፦ ዓባይ ይታያል። የሰሜን ኮከብ... እሺ፣ ሄደን እናያለን።

ሄለን፦ ሰዓታችን እያለቀ ነው። ጥያቄው ምን ነበር?

ይበልጣል፦ አዎ! ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። 7 በ50 ወይም 10 በ50 ባይኖኩላር ይበቃል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ አለዚያ ይንቀጠቀጣል። ሙሉ ጨረቃን አትጠብቁ። ግማሽ ስትሆን ነው ጉድጓዶቿ በጥላቸው ቁልጭ ብለው የሚታዩት።

ሄለን፦ ሙሉዋ ግን ታምራለች።

ይበልጣል፦ ታምራለች፣ ግን ሌላውን ሁሉ ታጠፋብሻለች። ደግሞ የስልክ መብራት! ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው ስልኩን ቦግ ሲያደርግ እንደገና ከዜሮ ነው። ቀይ ብርሃን ተጠቀሙ።

ሄለን፦ የባይኖኩላሩ ዋጋስ?

ይበልጣል፦ እሱን በሚቀጥለው ክፍል።

ሄለን፦ ባለፈውም እንደዚሁ ብለህ ነበር!