ሪሉ አልሞተም፤ ግሪሱ ነው የደረቀው

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል (በቤት ደጃፍ የሚደረግ ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ) ላይ የሚዘረጋውን የድሮ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የፖቶማክን ወንዝ ዳርቻ የምታዘወትሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከዛገው መንጠቆና ከተወሳሰበው ክር ሥር ብዙ ጊዜ አንድ ጥቁር፣ ጎኑ እንቁላል የሚመስል ሪል፣ ማለትም የማጥመጃ ክር መጠቅለያ፣ ይገኛል። ጋርሲያ ሚቸል 300 የሚል ጽሑፍ አለው። ማዞሪያው ሲሞከር ጭቃ ውስጥ እንደገባ ይከብዳል። ሻጩም ገዢውም «ይሄ አብቅቶለታል» ብለው ይተዉታል። እኛ ግን ዛሬ የምንለው፣ እንዲህ ያለው ሪል አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየው ግሪስ ሰም ሆኖበት ነው።

ይህን ሪል የሠራው ካርፓኖ እና ፖንስ የተባለው ድርጅት ነው፤ ፋብሪካው በፈረንሳይ ኦት ሳቯ፣ ክሉዝ በምትባል ከተማ ነበር። ክሉዝ የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ናት፤ የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተባት በ1848 እ.ኤ.አ. ነው። ጋርሲያ ደግሞ ወደ አሜሪካ እያስገባ የሸጠው ኩባንያ ስም ነው። የሰዓት ሠሪ እጅ ያለበት ዕቃ መሆኑን የምናነሳው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ክፍሎቹ በጣም ተቀራርበው የሚሠሩ ስለሆኑ አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ከጠፋች ጥርሶቹ ይፋጫሉ፤ አፈታቱም ይህን ያገናዘበ መሆን አለበት።

ከመፍታታችሁ በፊት ማዞሪያውን ቀስ ብላችሁ አዙሩና በእጃችሁ አድምጡት። ክብደቱ ዙሩን ሙሉ እኩል ከሆነ ግሪስ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ጥርስ ተጎድቷል ወይም የመሃል ዘንጉ ታጥፏል። ያኔ ሌላ የተሰበረ 300 ፈልጎ ክፍሎቹን መውሰድ ይሻላል። ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ፤ «ፕላናማቲክ» የሚል ጽሑፍ ያለበትና የሌለበት ሪል የውስጥ አሠራራቸው ይለያያል። ከአንዱ የተወሰደ ጥርስ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ መፍታቱ። ነጭ ፎጣ አንጥፉ፣ ባዶ የእንቁላል ካርቶን አስቀምጡ፤ የሚወጣው ሁሉ በወጣበት ተራ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይግባ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ። የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ መሙላት አለበት፤ የጠበበ ካቻቢቴ የብሎኑን አፍ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስፑሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት ክፍል፣ መሃሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑት ይለቃል። ማዞሪያው ክር በሚጠቀልልበት አቅጣጫ ሲዞር የሚጠብቅ በመሆኑ የሚላላው ወደ ኋላ ሲዞር ነው። በግራ እጅ የሚዞረው 300 ላይ ይህ ከለመድነው ብሎን አፈታት ተቃራኒ ስለሚሆን ብዙ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል። እምቢ ካለ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አንጠባጥባችሁ አሳድሩት እንጂ በፒንሳ አትታገሉት። የጎን ክዳኑ ሲነሳ ትልቁን ጥርስ በቀስታ አንሱት። ከሥሩ የተለጠፈች ቀጭን ሮንዴላ ልትኖር ትችላለች፤ በግሪስ ተሸፍና ስለማትታይ ከቆሻሻው ጋር ተጠርጋ የምትጣለው እሷ ናት።

የብረት ክፍሎቹን ሚነራል ስፒሪትስ ውስጥ፣ አገር ቤት ቢሆን ነጭ ጋዝ (ላምባ) ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉና በጥርስ ብሩሽ ፈትጓቸው። ቤንዚን በፍጹም አትጠቀሙ፤ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል። አሴቶንና የቀለም ማቅጠኛ ቲነርም ጥቁሩን ቀለም ይልጡታል። ቀፎውን፣ የማዞሪያውን የፕላስቲክ እጀታና ስፑሉን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ ወዲያው አድርቋቸው። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በስፒሪቱ የራሰውን ጨርቅም ጨብጣችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አዲሱን ግሪስ በጥርሶቹ ላይ በቀጭኑ ቀቡት። ቀፎውን መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ በመጋቢት ብርድ ማዞሪያው ይከብዳል፣ ትርፉም ሾልኮ ወደ ሮተሩ፣ ማለትም ከፊት ወደሚሽከረከረው ክፍል፣ ይወጣል። የጀልባ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት፣ ውኃ የማያጥበው ግሪስ ለጥርሶቹ ጥሩ ነው። ለመሃል ዘንጉ፣ ለእጀታው፣ ለቤይሉ (ክሩን ይዞ ስፑሉ ላይ ለሚጠቀልለው የሽቦ ቅስት) ማጠፊያና ክሩ ለሚያልፍበት ሮለር አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት በቂ ነው። በቆርቆሮ የሚረጨው ደብልዩዲ 40 የተጣበቀ ለማላቀቅ ይረዳል፤ ግሪስን ግን አይተካም፣ እንዲያውም ያለውን አቅጥኖ ያጥበዋል።

ሪሉ ዓሣ መያዝ አለመያዙን የሚወስኑት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ሮለሩና ፍሬኑ።

ሮለሩ ካልተሽከረከረ ክሩ አንድ መስመር ላይ እየተሳበ ብረቱን ይበጣዋል፣ ብጣቱ ደግሞ መልሶ ክሩን ይቆርጣል። ለመፈተሽ የጥጥ ቁራጭ ወይም የናይለን ካልሲ አሳልፉበት። ጥጡ ከያዘ ጭረት አለ። ጭረቱ በጥፍር የማይሰማ ከሆነ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አርጥቦ ማለስለስ ይቻላል። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ቀይሩት። የቤይሉን ሞላም እዚሁ ፈትሹት፤ ማዞሪያውን እንደጀመራችሁ በአንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ካልተዘጋ ሞላው ደክሟል። ሞላን በመሳብ ማጠንከር ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ይሰበራል።

ፍሬን የምንለውን በጋራዥ ቋንቋ ፍሪሲዮን ብንለው ይበልጥ ይስማማዋል፤ ሥራው ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ በልክ እየተንሸራተተ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በስፑሉ ውስጥ ለስላሳና የብረት ሮንዴላዎች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ተራቸው ከተዛባ ወይ ጨርሶ አይይዝም፣ ወይ ጨርሶ አይለቅም። የብረቶቹን ፊት መስታወት ላይ በተዘረጋ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስምንት ቅርጽ እያሻችሁ አስተካክሉ። ለስላሳዎቹ ካለቁ ከቴፍሎን ወይም ከካርቦን ጨርቅ አዲስ ቁረጡ፤ ውፍረቱን ግን በካሊበሮ ለኩ፣ አሮጌው በጭነት ብዛት ከመጀመሪያው ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። ቴፍሎን ዘይት አይፈልግም። ሱፍ ግን ዘይት ካልጠጣ ይቃጠላል።

ከገጠማችሁት በኋላ ክሩን በማጥመጃው ዘንግ ቀለበቶች አሳልፋችሁ ጫፉን በእጅ ሚዛን ላይ እሰሩና ሳቡ። ልኩ የክሩ ጥንካሬ ሩብ፣ ቢበዛ ሲሶ ነው፤ 4 ኪሎ የሚችል ክር ላይ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ መሆኑ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አጀማመሩን ተመልከቱ። ሚዛኑ መጀመሪያ 2 ኪሎ ነክቶ ከዚያ ወደ 1 ከወረደ ሮንዴላዎቹ ይጣበቃሉ ማለት ነው፤ ዓሣው ክር የሚበጥሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ፈትታችሁ እንደገና አጽዱ። ከጉዞ ስትመለሱም ፍሬኑን አላሉት፤ ተጠብቆ ከተቀመጠ ለስላሳው ሮንዴላ ተጨፍልቆ ይቀራል።

አሁን ብዙ የሚጠየቀውን እንንካ፤ ሽሩባውን አዲስ ክር ይችላል ወይ? ይችላል፣ ግን ሪሉ ለናይለን የታሰበ ነው። ሽሩባ ክር በባዶ ስፑል ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ 10 ዙር ያህል ናይለን ጠቅልሉ፣ ከዚያ ሽሩባውን በእርጥብ ጨርቅ ጨብጣችሁ አጥብቃችሁ ሙሉት። ላላ ብሎ ከተጠቀለለ ከታችኛው ድርብ ውስጥ ይቀበራል፣ ወደ ስፑሉ ጀርባም ሾልኮ በመሃል ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ከስፑሉ ከንፈር ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር አጉድሉ። የኛ ምርጫ ግን 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ያለው ናይለን ነው፤ ባስ ለሚባለው ዓሣና ለመካከለኛ አምባዛ ይበቃል፣ ሮለሩንም አይበጣም። ለትልቁ የፖቶማክ ሰማያዊ አምባዛ 300ን አታስጨንቁት፤ 302 የተሠራው ለከባድ ሥራ ነው። ለማስማማት ብላችሁ ቀፎውን አትብሱ፣ እግሩንም በሞረድ አትቁረጡ፤ የምትቀይሩት ሁሉ ተመልሶ የሚፈታ ይሁን።

ሪሉ ስለሚታሰርበት የማጥመጃ ዘንግ ባጭሩ። የድሮ ፋይበርግላስ ዘንግ ጠንካራ ነው፤ የሚያልቀው ክር ማሳለፊያ ቀለበቱ ነው። አሮጌውን ስታወጡ ምላጩን በቀለበቱ የብረት እግር ላይ አሂዱ እንጂ ወደ ዘንጉ አታዙሩት፤ ትንሽ ጭረት ዘንጉን በሙሉ ጉልበት ሲታጠፍ ይሰብረዋል። የአዲሱን ቀለበት እግር ጫፍ በሞረድ አቅጥኑት፤ ካልቀጠነ የመጠቅለያው ክር ሲወጣበት ክፍተት ይተዋል። ኢፖክሲውን አንድ ለአንድ በሁለት የተለያዩ ሲሪንጎች ለክታችሁ ቀላቅሉ። ልኩ ከተዛባ ሳይደርቅ ለዘላለም እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። ሁለት ቀጭን ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ እስኪረጋ ለአንድ ሁለት ሰዓት በየ5 ደቂቃው ግማሽ ዙር እያዞራችሁ ጠብቁት።

የድሮ ሰው ሠራሽ ማባበያ ዓሣዎችን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀለማቸው እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ ልጆችም እንዲጫወቱበት አትተዉ። መንጠቆዎቻቸውን ግን ያለምንም ርኅራኄ በአዲስ ቀይሩ።

ከመጀመሪያው የማጥመድ ቀን በኋላ ክዳኑን አንዴ ከፍታችሁ ግሪሱን በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጉና ብርሃን ላይ እዩት። ትንሽ የብረት ብናኝ ቢታይ ጥርሶቹ እየተዋወቁ ነው፤ አዲስ ግሪስ ቀብታችሁ ዝጉት። ከሁለተኛው ቀን በኋላም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ሪሉን አቁሙና የእንቁላል ካርቶኑን እንደገና ፈልጉ፤ ያቺ ቀጭን ሮንዴላ አሁንም አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ትሆናለች።

አመሰግናለሁ።