ማን አለ? መቼ አለ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለም። ያለሁት ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ነው። ከኋላ የሚያጉረመርም ነገር ከሰማችሁ የጎረቤት ወፍጮ ነው። ዝም እስኪል ልጠብቅ ብል ይመሻል፤ መብራትም ሊሄድብኝ ይችላል፤ እንዲሁ እናውራ።

የማወራችሁ ራሴ ስለሠራሁት ጥፋት ነው። ጥፋቱ ውስጥ ጤፍ አለ፣ አጎቴ አሉ፣ አንድ የኤ.አይ. ኤጀንትም አለ።

አጎቴ ቢቸና አካባቢ ያርሳሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ እሳቸው ቤት አንዲት ጥያቄ ትነሣለች፦ ጎተራ የቀረው ጤፍ አሁን ይሸጥ ወይስ ይቆይ? አዲሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበያውን ሲሞላው ዋጋው ወረድ ይላል። የጥቅምት ኩንታልና የጥር ኩንታል እኩል አይደሉም። ይህቺን ያዙልኝ።

እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ሰው ነኝ ባይ ነኝ። የእህል ዋጋ የሚያወጡ ድረ ገጾችን በየጠዋቱ እየከፈትኩ ከማይ ኤጀንቱ ይዙርልኝ አልኩ። ለማታውቁት፦ ኤጀንት ማለት መልስ ከመስጠት አልፎ መሣሪያ አንሥቶ ሥራ እንዲሠራ የተፈቀደለት የኤ.አይ. ሞዴል ነው። የእኔው በራሱ ድረ ገጽ መክፈት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከአንድ የስክሬፒንግ አገልግሎት ጋር አገናኘሁት። ስክሬፒንግን እኔ ቃርሚያ እለዋለሁ። አገልግሎቱ ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ እውነተኛ ብራውዘር ይከፍታል፤ የገጹ ጃቫስክሪፕት፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ሠርቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ሜኑውንና ማስታወቂያውን አራግፎ ጽሑፉን ብቻ በማርክዳውን፣ ርእስና ሰንጠረዥ በቀላል ምልክት በሚለይበት ተራ ጽሑፍ፣ ይልክለታል። ይህ የማራገፍ ነገር ለእኛ የበለጠ ይጠቅመናል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሞዴሎቹም አማርኛን ከእንግሊዝኛ በበለጠ ቶክን፣ ሒሳብ በሚታሰብበት የጽሑፍ ቁራጭ፣ ይቆጥሩታል፤ ገለባው በበዛ ቁጥር ሒሳቡም ይበዛል።

ሁለቱን የሚያግባባቸው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለው ነው፤ በአጭሩ ኤም.ሲ.ፒ.። አንትሮፒክ ይፋ ያደረገው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024፣ በእኛ ኅዳር 2017 ነው። በአንድ የቅንብር ፋይል ላይ የአገልግሎቱን ስም፣ ማስነሻ ትዕዛዙንና የኤ.ፒ.አይ. ቁልፉን፣ ማለትም አገልግሎቱ ደንበኛውን የሚለይበትን የምሥጢር ቃል፣ መጻፍ ነው፤ ከዚያ ኤጀንቱ «እነዚህ መሣሪያዎች አሉኝ» ብሎ ይዘረዝርላችኋል። ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ ጨረስኩት። (ቁልፉን የስክሪን ፎቶ አንሥታችሁ ለጓደኛ አትላኩ። አልነግራችሁም ለምን እንደማውቅ።)

መጀመሪያ የመጣብኝ የክሬዲት፣ አገልግሎቱ ባነበበው ገጽ ልክ የሚቆርጠው ሒሳብ፣ ጉዳይ ነው። አንድን ገጽ ብቻ ማንበብ አለ፣ ስክሬፕ ይሉታል። ክሮል የሚባለው ደግሞ ሊንክ እየተከተለ ጣቢያውን ሁሉ ማሰስ ነው። እኔ ምን አለበት ብዬ «ሙሉ በሙሉ እየው» አልኩት። ሲነጋ የወሩ ነፃ ክሬዲት አልቋል፤ ኤጀንቱ ከአምስት ዓመት በፊት የወጣ የስብሰባ ዜና ሁሉ ለቃቅሞ ቆይቶኛል። አሁን ከአሥር ገጽ አትለፍ ብዬዋለሁ። አንድ የወደድኩለት ነገር ግን አለ፦ ማሰሱ የሚካሄደው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ የእኔ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም፤ የሥራውን ቁጥር ይሰጠኛል፣ ስመለስ በቁጥሩ እጠይቃለሁ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት የተዘጋበትን ጊዜ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ጥፋቱ ልግባ።

አንድ ጥቅምት ጠዋት ኤጀንቱ ሰንጠረዥ ሰጠኝ። ነጭ ጤፍ፣ በኩንታል ይህን ያህል። ጥርት ያለ፣ ለዓይን የሚያምር። አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ማን አለ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው ጋሼ፤ ከብዙ ቦታ አመሳክሮ ነው» አልኳቸው።

አመሳክሮ! ያቺን ቃል ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነጋዴ ደጃቸው ድረስ መጣ። እኔ ከነገርኳቸው ላይ ሁለት መቶ ብር ጨምሮ ሰጣቸው። ጨመረልኝ ብለው ሦስት ኩንታል ሸጡለት፤ ጨምረው መረቁትም። ቀጥሎ በዋለው የገበያ ቀን ወጥተው ሲያዩ ያው ዓይነት ጤፍ እሳቸው ከሸጡበት በኩንታል ስምንት መቶ ብር በልጦ ይሸጣል።

ደውለው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ከተማው ጠየቁ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፦ «ያ ወሬውን የሚያመጣልህ ሰው፣ መቼ ነበር ገበያ የወጣው?»

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ዘግቼ የኤጀንቱን የሥራ መዝገብ ከፈትኩ። እያንዳንዱን እርምጃ ይጽፋል፤ እኔ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። ትክክለኛው ዋጋ እዚያው አለ። በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ነው፤ ከላዩ «ጥቅምት 2018» ይላል፤ የዚያው ሳምንት ዋጋ። ኤጀንቱ ከሥሩ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ይህ መረጃ ሰባት ዓመት ያለፈው ስለሆነ ተትቷል።» የእኛን 2018 በፈረንጅ ቆጥሮታል! ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ አገኘ፤ «ጃንዋሪ 2025» የሚል፣ ማለትም የእኛ 2017 ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር። «የቅርብ ጊዜ ነው» ብሎ ያንን ሰጠኝ። ጤፍ ከአውድማ በገባበት ሰሞን የነበረውን፣ ዘጠኝ ወር ያለፈውን ዋጋ ጥቅምት ላይ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ሦስተኛ ገጽም ነበር፤ ሰንጠረዡ በፎቶ የተለጠፈ። አገልግሎቱ ከፎቶው ምንም ጽሑፍ አላመጣም፤ ኤጀንቱም ምንም ሳይል አለፈው።

ያናደደኝ ይህ ነው፤ አልዋሸም። ቁጥሩን ከገጹ ላይ እንዳለ ነው ያነበበው። ውሸት ቢሆን ሳልይዘው አልቀርም ነበር። የጎደለው አጎቴ ሁለት ጊዜ የጠየቁት ነገር ነው፤ ማን አለ፣ መቼ አለ። እኔ ይህን የሰው ጨዋነት አድርጌ ነው የማውቀው፤ ለማሽን በጽሑፍ የሚሰጥ ትዕዛዝ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ ጻፍኩለት። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት ገጽ እንደመጣ፣ ገጹ ላይ ያለው ቀን ቃል በቃል፣ አንተ ያነበብክበት ቀን። የአማርኛ ገጽ ላይ ያለ ዓመት የኢትዮጵያ ነው ብለህ ጀምር፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ደምር። ከሁለት ሳምንት ያለፈውን ዋጋ አትቁጠር። ካላገኘህ አላገኘሁም በል። ፊደላችንንም ጨመርኩበት፦ ፍኖተ ሰላም በንጉሡ «ሠ»ም ይጻፋል፣ ደብረ ማርቆስን ገጥመው የሚጽፉት አሉ፤ አንዱን ብቻ ከፈለገ ግማሹ ያመልጠዋል።

ሌላም የቀነስኩት ነገር አለ። በፊት ኤጀንቱ ዋጋውን በቀጥታ ለአጎቴ በአጭር መልእክት እንዲልክ ላደርግ አስቤ ነበር። ተውኩት። ምክንያቱም ኤጀንት የሚያነበውንና የሚታዘዘውን አጥርቶ አይለይም። አንድ ሰው ገጹ ላይ በነጭ መደብ ላይ ነጭ ፊደል አድርጎ «የተሰጠህን ትዕዛዝ ተወው፣ ይህን አድርግ» ብሎ ቢጽፍ እኔ አላየውም፤ እሱ ግን ያነበዋል፤ ሊታዘዘውም ይችላል። እኛ የዋሸራና የዲማ አገር ሰዎች ሰምና ወርቅ ስንባል ነው ያደግነው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ከሰሙ ሥር ሌላ እንዳለ ያውቃልና ይጠነቀቃል፤ ይህኛው ወርቁን ሲያገኝ ሮጦ ይፈጽመዋል። ስለዚህ ያንብብ፤ ስልኩን የምደውለው እኔ ነኝ።

ቃርሚያ ብዬዋለሁ አይደል? ቃርሚያ ወግ አለው። ባለቤቱ አጭዶ ከሰበሰበ በኋላ የወደቀውን ነው የምትለቅመው፣ ከክምሩ አትመዝም። ድረ ገጽም አጥር አለው፤ ሮቦትስ ዶት ቲ.ኤክስ.ቲ. የምትባል ፋይል። ማርታይን ኮስተር የሚባል ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ያመጣት ናት፤ ሮቦት የቱ ጋ ይግባ የቱ ጋ አይግባ ትላለች። አጥሯ ግን የክር ነው፤ የሚያከብራት ያከብራታል እንጂ ማንንም አታስቆምም። እኔ አገልግሎቱ ያክብራት ብዬ አስተካክያለሁ፤ ሰርቨሩ 429 ብሎ ሲመልስም፣ «አበዛኸው» ማለቱ ነው፣ ኤጀንቱ እዚያው ደጋግሞ እንዳያንኳኳ። የደላላ ስልክ ቁጥሮችንም እየለቀመ ነበር፤ አጥፍቻቸዋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ስልካቸውን ለእኔ ፋይል ብለው አልለጠፉትም።

ባለፈው ማክሰኞ ኤጀንቱ ይህን ጻፈልኝ፦ «ሦስት ገጾች ከፈትኩ። በአንዱ ሰንጠረዡ ምስል ነው፤ ሁለቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ነው። ዋጋ አላገኘሁም።» አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ የምነግርዎ የለኝም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አሉኝ፤ «ትናንት ወጥቼ ነበር።»

የነጩን ነገሩኝ፣ የሰርገኛውን ነገሩኝ፣ የቀዩን ነገሩኝ። ሰንጠረዡን ከፍቼ ሞላሁት። ምንጭ በሚለው ዓምድ «አጎቴ፣ ቢቸና» አልኩ፤ ቀን በሚለው ደግሞ የትናንቱን ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር።