የጊኒ ፒግ ኬጅ፦ ወለል ላይ ይቅር ወይስ ከፍ ይበል?

[ምስል፦ የአፓርታማ ሳሎን። ጥግ ላይ ሰፊ የሽቦ ኬጅ ወለሉን ይዞ ተቀምጧል። ሁለት ጊኒ ፒጎች ድርቆሽ ያኝካሉ።]

ጊኒ ፒግ፣ ያ ጅራት አልባው የአይጥ ዘመድ፣ ወደ ሐበሻ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በልጅ ውትወታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም፣ ልጁ ጓደኛው ቤት አይቶ ይመጣል፤ ወላጅ እጁን እስኪሰጥ ድረስም አያርፍም። እንስሶቹ ከመጡ በኋላ ግን ጭንቀቱ ወደ ወላጅ ይዞራል። ይህን የሚያህል ኬጅ የት ይቀመጥ? ወለሉ ላይ ይሁን ወይስ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ? አያት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እንደሆነ ደግሞ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ኧረ ይህን አይጥ ከምንጣፉ ላይ አንሡልኝ!»

አያት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አቋሜን ከመነሻው ልንገራችሁ። ከፍታ በራሱ ለጊኒ ፒግ ምንም ማለት አይደለም። ነገሩን የሚወስነው እናንተ ቤት ወለል ላይ ያለው ነው፦ ብርዱ፣ ንፋሱ፣ ውሻው፣ ገና መሄድ የጀመረው ሕፃን። ስለዚህ ኬጁን ከመለካታችሁ በፊት ወለሉን መርምሩ።

[ምስል፦ የአንዲስ ተራሮች። ከዚያም በፔሩ ገጠር አንድ ማድቤት፤ ጊኒ ፒጎች ምድጃ አጠገብ ወለሉ ላይ ይሯሯጣሉ።]

ጊኒ ፒግ የምድር እንስሳ ነው። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሕዝቦች ለሥጋው ብለው ካላመዱት ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም በፔሩ፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር ገጠሮች ማድቤት ወለል ላይ፣ ምድጃ ታክኮ፣ የአትክልት ልጣጭና የታጨደ ሣር እየበላ ይኖራል። በብዛት የሚያረቡት ገበሬዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ መሬት ላይ በጡብ ወይም በጭቃ ከልለው ያኖሩታል። የክልሉ ግድግዳ ቁመት ግማሽ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ እንስሳው ግን ዘልሎ አይወጣም።

የእኛን አገር ዶሮ አስቡ። ሲመሽ ማንም ሳይነግራት ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ አውሬ በቀላሉ የማይደርስባት እዚያ ነውና። ጊኒ ፒግ እንዲህ ያለ ደመ ነፍስ የለውም። ዱር ያሉት ዘመዶቹ ከአደጋ የሚያመልጡት ጥቅጥቅ ባለ ሣር ውስጥ በመሽሎክሎክ ወይም ጉድጓድ በመግባት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጊኒ ፒግ «አሁን አመለጥኩ» ብሎ አይረጋጋም። የሚያረጋጋው ጣሪያ ያለው መሸሸጊያ ነው፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ፣ የተገለበጠ የካርቶን ሣጥን እንኳ ቢሆን። መሸሸጊያ የሌለው የጠረጴዛ ላይ ኬጅ፣ መሸሸጊያ ካለው የወለል ኬጅ የከፋ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ቴርሞሜትሮች፤ አንዱ ወለሉ ላይ፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይታያል።]

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። ለጊኒ ፒግ የሚስማማው ሙቀት በግምት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። በክረምት ምሽት እናንተ ሶፋ ላይ ሞቋችሁ ስትቀመጡ፣ ከበሩ ሥር የገባው ንፋስ ወለሉን እየላሰ ያልፋል። የጊኒ ፒግ አፍንጫ ያለው ደግሞ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው። የሳንባ ምች እነዚህን እንስሳት ቶሎ ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ በመሆኑ ብርድና ንፋስ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

በግምት ግን አትፍረዱ። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትሮች ግዙ፤ አንዱን ኬጁ ባለበት ወለል ላይ፣ ሌላውን በጠረጴዛ ከፍታ አስቀምጡና ጎሕ ሳይቀድ ንባባቸውን ተመልከቱ። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ከሆነ እርሱት። አራት ወይም አምስት ዲግሪ ከሆነና ወለሉ ከ18 በታች ከወረደ ኬጁ ይነሣ። ንፋሱን ለማወቅ ደግሞ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ ወለሉ አጠገብ ያዙት። ሶፍቱ ከተወዛወዘ መልሱን አገኛችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከብርዱ ለመራቅ ጠረጴዛ አያስፈልግም። ከወለሉ 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ዝቅተኛ መድረክ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ችግሩ የሴራሚኩ ወይም የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ብቻ ከሆነ፣ ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ወይም ጣውላ ማንጠፍም ያስኬዳል።

በጀርመንና በአካባቢው አገሮች የብዙ አዳዲስ ቤቶች ወለል ከሥር የሚሞቅ ነው። ለሰው እግር ድሎት ቢሆንም ለጊኒ ፒግ አይመችም፤ ይህ እንስሳ ከብርድ ይልቅ ሙቀትን አይችልም። ክፍሉ ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ሊሞት ይችላል። በእንዲህ ያለ ቤት ኬጁ የሚነሣው በተቃራኒው ምክንያት፣ ከሥሩ አየር እንዲዘዋወር ነው።

ዱባይ ወይም ሪያድ ለምትኖሩት ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣው ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኬጅ ነው። እዚያ ቁም ነገሩ ከፍታው ሳይሆን ከንፋሱ መንገድ ገለል ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤቶች የማሞቂያው አየር ከወለል ላይ ቀዳዳ ይወጣል፤ ኬጁን ከዚያ ማራቅ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ከፍታ የተከለከለ ነው።

[ምስል፦ ውሻ አፍንጫውን ከኬጁ ሽቦ ጋር አጣብቆ ያሸታል። ሁለቱ ጊኒ ፒጎች ደርቀው ቆመዋል።]

ቤታችሁ ውስጥ ሌላ ማን አለ? ውሻ ካለ ተጠንቀቁ፤ የሚነክስ ባይሆንም እንኳ። ጊኒ ፒግ የሚታደን እንስሳ ስለሆነ፣ ከሽቦው ማዶ ቀኑን ሙሉ የሚያሸት አፍንጫ ካለ ምግቡን ዘና ብሎ አይበላም። ሌላም አለ። ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ የሚባለው ባክቴሪያ በውሻ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ጊኒ ፒግ ሲተላለፍ ግን ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ለትንሽ ውሻ ጠረጴዛው ይበቃ ይሆናል። ለትልቅ ውሻ ግን የጠረጴዛ ከፍታ ልክ የአፍንጫው ከፍታ ነውና የሚሻለው በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው።

ድመት ካለች ጠረጴዛው ከንቱ ነው። እንዲያውም ከፍ ያለ ነገር ትወዳለች። ለድመት የሚያስፈልገው ጠንካራ ክዳን ነው፤ ኬጁ የትም ይቀመጥ።

ሕፃንስ? ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ የወለሉን ኬጅ ይረግጠዋል፣ ይወጣበታል፣ የፕላስቲክ መኪናውን በሽቦው ውስጥ ያስገባል። የጠረጴዛውን ደግሞ ይዞ ይጎትታል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዕድሜ ከከፍታው ይልቅ የአዋቂ ዓይን ይሻላል።

[ምስል፦ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ከኬጁ ጋር ትክክል። ጊኒ ፒጎቹ ወደ እርሷ ይመጣሉ።]

ለከፍታ የሚከራከር ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጠንካራው መከራከሪያ ከሙቀትም ከውሻም የሚመጣ አይደለም ብዬ እመልስለታለሁ። ከዓይን ነው የሚመጣው። ጊኒ ፒግ በሽታውን ይደብቃል፤ በዱር ሕይወት ደካማ መስሎ የታየ እንስሳ ይበላልና። ሕመሙን የምታውቁት በትናንሽ ምልክቶች ነው፦ ድርቆሹ አልቀነሰም፣ ዓይነ ምድሩ አነሰ ወይም ረጠበ፣ ሽንቱ ቀላ፣ አንዱ ጥግ ይዞ ፀጉሩን አቁሞ ተቀመጠ። ወለል ላይ፣ ከሶፋ ጀርባ ያለ ኬጅ በቀን አንዴ ምግብ ሲጨመር ብቻ ይታያል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ፊት ለፊት የምታዩት ኬጅ ግን፣ ቡና ስትጠጡም ስልክ ስታወሩም ዓይናችሁ ይገባል።

ጽዳቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ጎንበስ ማለት ሲሰለቸው መጀመሪያ የሚቀረው የጉዝጓዙ ቅያሪ ነው። የሰነበተ ጉዝጓዝ ከሽንት የሚወጣ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይይዛል፤ አሞኒያው መተንፈሻቸውን ያስቆጣል። ወገብ ለሚያመው ሰው ኬጁን ከፍ ማድረግ ለእንስሳቱም ጤና ማሰብ ነው። መጥፎው ሽታ ይቀንስ ይሆናል ብላችሁ ከሆነ ግን፣ ሽታው ከጉዝጓዙ ነውና ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ወደ አፍንጫችሁ ከመቅረብ በቀር ለውጥ አያመጣም።

ሦስተኛው ነገር ጥላችሁ ነው። ዓይናቸው በጭንቅላታቸው ጎንና ጎን ስለሆነ ዙሪያቸውን ሁሉ ለማለት ይቻላል ያያሉ። ከላይ በድንገት የሚወርድ ነገር ለእነርሱ ጭልፊት ነው። ወለል ላይ ላለ ኬጅ እናንተ ቆማችሁ እጃችሁን የምትሰዱት ከላይ ነው፤ ከፍ ላለው ግን ከጎን። ይህን ግን ያለ ምንም ወጪ ወለሉ ላይ በመቀመጥም ታገኙታላችሁ። ልጆች ደግሞ ወለል ላይ መቀመጥ አይከብዳቸውም።

[ምስል፦ የወለል ኬጅ በሩ ተከፍቷል። ጊኒ ፒጎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ምንጣፉን ይዞራሉ።]

አሁን ከፍታ የሚያስቀረውን እንይ። ወለል ላይ ያለ ኬጅ በሩ ሲከፈት እንስሶቹ ራሳቸው ወጥተው ይሮጣሉ፤ ሲበቃቸው ራሳቸው ይመለሳሉ። ማንም አይዛቸውም፣ ማንም አያሳድዳቸውም። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ግን በየቀኑ ማንሣትና ማውረድ ግድ ነው፤ መያዝ ደግሞ አብዛኞቹ የሚጠሉት ነገር ነው።

አደጋ የሚደርሰውም በዚሁ መካከል ነው። ያደገ ጊኒ ፒግ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እግሮቹ ግን አጭርና ቀጭን ናቸው። እንደ ድመት ዞሮ በእግሩ አያርፍም። ከደረት ከፍታ የወደቀ ጊኒ ፒግ እግሩ፣ ጥርሱ ወይም አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። አንዱን በብብት ይዞ ሁለተኛውን ከኬጁ ለማንሣት የሚሞክር ልጅ አይቼ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለዚህ ይሆን እንዴ ብያለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ራሱ የሚገባበት የጨርቅ ከረጢት ወይም ትንሽ ሣጥን ኬጁ ውስጥ አስገቡ፤ ሲገባ ከነሣጥኑ አውርዱት። አንድ በአንድ።

[ምስል፦ ጠንካራ የእንጨት መቆሚያ፤ ከሥሩ የድርቆሽ ከረጢቶች ተደርድረዋል።]

ከፍ እናድርገው ካላችሁ ስለ መቆሚያው ጥቂት ልበል። ለሁለት ጊኒ ፒጎች ብዙዎች የሚሠሩት፣ ጎናቸው 35 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የሽቦ ፍርግርጎችን በማገጣጠም፣ ስፋቱ 70፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲሜትር የሚደርስ ኬጅ ነው። ይህን 60 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በአየር ላይ መተው አይሆንም። ኬጁ በሙሉ መቆሚያው ላይ ይረፍ። ጠረጴዛው ጠባብ ነው ብሎ ኬጁን ማሳነስም አይሆንም፤ ፎቅ መጨመርም ጠባብ ወለልን አይተካም። ጊኒ ፒግ የሚፈልገው መሮጫ ነው፤ ደረጃ አይደለም።

ክብደቱን ስታስቡ እንስሶቹን ብቻ አትመዝኑ። እርጥብ ጉዝጓዝ ይከብዳል፤ ሁለት ልጆች ደግሞ ክርናቸውን ይደገፉበታል። እግሩ የሚወላወል ጠረጴዛ ለሚደነግጥ እንስሳ ሥቃይ ነው። ጎማ ካለው ጎማው ይቆለፍ። የኬጁ ወለል ድፍን ይሁን፤ የሽቦ ወለል መዳፋቸውን ያቆስላል። ግድግዳው 30 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሕፃን፣ ውሻ ወይም ድመት ካለ ክዳን ይጨመር።

ስንት ከፍ ይበል? እኔ ምርጫዬ የጉልበት ከፍታ፣ ወደ 45 ሴንቲሜትር ነው። አዋቂ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያቸዋል፤ ልጅ ቆሞ ይደርስባቸዋል፤ ከሥሩ ድርቆሽ ይቀመጣል። ንፋስ የሌለበት፣ ውሻ የማይገባበት ክፍል ያለው ሰው ግን ምንም አይግዛ። ኬጁን ወለሉ ላይ ይተወውና በሩን ይክፈትላቸው።

[ምስል፦ ባልና ሚስት ኬጁን ግራና ቀኝ ይዘው ያነሣሉ። ጊኒ ፒጎቹ በሣጥን ውስጥ ናቸው።]

ስታዛውሩት እንስሶቹን መጀመሪያ አውጡ። በዚያው ቀን ሁሉንም ነገር አትጠቡ፤ ከአሮጌው ጉዝጓዝ ጥቂቱን መልሱ፣ የራሳቸውን ሽታ ያግኙ። ምሽቱን ሁለቱም ድርቆሽ ሲበሉ በዓይናችሁ እዩ። አንዱ ግማሽ ቀን ያህል ምንም ሳይቀምስ ከቆየ «ቦታው አዲስ ሆኖበት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አንጀቱ ባዶ ሆኖ መቆየት አይችልም። እስኪነጋ ሳትጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውሉ።